የአእምሮ ጤና ቀውስን ሙያው ማድረግ ለሚሻ የፖሊስ አባል

ለፖሊስ ከሚደርሱት የድንገተኛ ጥሪዎች ጥቂት የማይባሉት የታመመ ሰውን እንጂ ወንጀልን የሚመለከቱ አይደሉም። አንዱ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማ መንገድ ላይ ይጮኻል፤ ሌላዋ በሯን ቆልፋ ለመሞት ትዘጋጃለች፤ ሌላው ደግሞ የገዛ ቤተሰቡ ሊመርዘው እንደሆነ አምኖ ማንንም አላስቀርብም ይላል። እንዲህ ያሉ ጥሪዎችን የሙሉ ጊዜ ሥራው ለማድረግ የሚያስብ አባል አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባ ነገር አለ፦ በዚህ ሥራ የተሳካ ቀን የሚባለው ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ነው፤ ያልተፈጠረን ነገር ደግሞ ማንም አይቆጥርም።

የሙያው መነሻ አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበትንና ቢላ ይዞ ራሱን ይጎዳ የነበረን የ27 ዓመት ወጣት ፖሊሶች ተኩሰው ገደሉት። በዚህ የተነሣ በሚቀጥለው ዓመት የከተማው ፖሊስ ከሕሙማን ቤተሰቦች ማኅበርና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የቀውስ ጣልቃ ገብነት ቡድን አቋቋመ። የ40 ሰዓት መነሻ ሥልጠና የሚሰጥበት ይህ አሠራር ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። በእኔ ግምት ግን ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር አባላቱ ከመደበኛው የጥበቃ ኃይል መካከል በፈቃደኝነት መመልመላቸው ነው፤ ተገዶ የመጣ ሰው 40 ሰዓት ተቀምጦ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ከመውጣት በቀር የሚያተርፈው ብዙ የለም።

ስለዚህ ወደ ልዩ ክፍሉ ለመግባት አይቸኩሉ። አስቀድመው ጥቂት ዓመታት በመደበኛ የጥበቃ ሥራ ላይ ይቆዩ። የሰውን እጅ መከታተል፣ መውጫ በርን ማስተዋልና ከባልደረባ ጋር ተናብቦ መቆም ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ ካልሆነ፣ ለማዳመጥ የሚተርፍ ቀልብ አይኖርዎትም። ሥልጠናውን ሲመርጡም በሕመሙ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተምሩበት፣ የቀጥታ ልምምድም ያለበት መሆኑን ያረጋግጡ። በአንዳንዶቹ ሥልጠናዎች ሠልጣኙ ጆሮው ላይ የሚሰድብና የሚያንሾካሹክ ድምፅ እየተለቀቀበት ቅጽ እንዲሞላና ጥያቄ እንዲመልስ ይደረጋል። አድራሻውን አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ፖሊስ፣ ትእዛዙን ሰምቶ ወዲያው ያልፈጸመን ሕመምተኛ ከዚያ ወዲያ እንደ እምቢተኛ ለመቁጠር ይቸገራል።

ጥሪ ሲደርስዎ ሥራው የሚጀምረው ገና መንገድ ላይ ሳሉ ነው። በሬድዮ ይጠይቁ፦ በእጁ የያዘው ነገር አለ? መድኃኒት ካቋረጠ ስንት ጊዜው ነው? ከዚህ በፊት ምን አረጋጋው? የሚያምነው ሰው ማን ነው? ሲቃረቡ ሳይረኑን ያጥፉ፤ ሲደርሱም የሬድዮውን ድምፅ ይቀንሱ። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሦስት ፖሊስ በአንድ ጊዜ ሲያዝ፣ ድምፅ ለሚሰማ ሰው ሦስት ተጨማሪ ድምፅ ነው። ርቀትዎን ይጠብቁ፤ የሚከልልዎ ነገርም ይኑር። ርቀት ጊዜ ይሰጣል፣ ጊዜም ጥይትን ያስቀራል።

አንድ ወጣት ወጥ ቤት ውስጥ ቢላ ይዞ ቆሟል እንበል። «ቢላውን ጣል!» የሚለው ትእዛዝ በሦስተኛው ጊዜም ካልሠራ በዐሥረኛው የሚሠራበት ምክንያት የለም። ከበሩ ፈቀቅ ብለው፣ ቀስ ባለ ድምፅ ስምዎን ይንገሩት፤ «ወንድሜ፣ እዚሁ ነኝ፤ አልገባም። ምን እንደሆነ ንገረኝ» ይበሉት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ከባድ ነው፤ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፣ በሌላ ጥያቄ ይሞላዋል። ወጣቱ «ጣሪያው ላይ ናቸው» ቢልዎ አይከራከሩት፣ አያስመስሉለትም። «እኔ አልሰማኋቸውም፤ አንተን ግን በጣም እንዳስፈሩህ ይታየኛል» ማለት እውነትም ነው፣ አክብሮትም አለው። የሚያነጋግሩት ትልቅ ሰው ከሆነ «እርስዎ» ይበሉ፤ ሕመሙ ክብሩን የገፈፈው ሰው በዚህች አንዲት ቃል ቀና ሲል ሊያዩ ይችላሉ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲጠረጠር በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ «ራስዎን ለመግደል እያሰቡ ነው?» ጥያቄው ሐሳቡን ይተክላል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ እንዲያውም ብዙዎችን ያሳርፋል። ቀጥሎ እንዴትና መቼ እንዳሰቡ፣ መሣሪያው በቅርብ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

የተናወጠ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ እንዳልሆነም አይርሱ። በደም ውስጥ የስኳር መጠን ሲወርድ፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ ኢንፌክሽን ሲበረታ ወይም ዕፅ ሲወሰድ ሰው ይቀባዥራል፤ ስለዚህ አምቡላንስ ቀድሞ ይጠራ። ካቴና ማሰር የግድ ከሆነ ሰውየውን በደረቱ አስተኝተው አይተዉት፤ ትንፋሹ ሊቆም ይችላልና ወዲያው በጎኑ ያዙሩት ወይም ያስቀምጡት።

ሆስፒታል ሲያስረክቡ ያዩትንና የሰሙትን እንጂ የሕመሙን ስም አይጻፉ። «ስኪዞፍሬንያ አለበት» ከሚለው ይልቅ «ሦስት ሌሊት አልተኛም ብላ እናቱ ተናግራለች፤ ጣሪያው ላይ ሰዎች አሉ ይላል» የሚለው ለሐኪሙ እጅግ ይጠቅመዋል።

ልምድ ሲያካብቱ ከጤና ባለሙያ ጋር ተጣምሮ ወደሚሠራ ቡድን ለመዛወር ይሞክሩ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ እንዲህ ያለውን ጥምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በኦሪገን ግዛት በዩጂን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከ3 ዐሥርት ዓመታት በላይ፣ ወደ ብዙ ጥሪዎች ይሄዱ የነበሩት ያለ ፖሊስ የሕክምናና የቀውስ ሠራተኞች ነበሩ። ዩኒፎርሙ ራሱ የሚያስፈራው ሰው እንዳለ አውቆ «ይህ ጥሪ የእኔ አይደለም» ማለት መቻል፣ ለፖሊስ ኩራት ባይመችም፣ የዚህ ሙያ ብስለት ምልክት ይመስለኛል።

አለቆች እስር ስለሚቆጥሩ የራስዎን መዝገብ ይያዙ፦ ስንት ጥሪ ያለ ኃይል እንደተጠናቀቀ፣ ስንቱ ሕክምና እንዳገኘ፣ ከአንድ ቤት ይደጋገም የነበረው ጥሪ መቀነስ አለመቀነሱን። የሕሙማኑን ስም ግን በዚህ መዝገብ ላይ አያስፍሩ። ለራስዎም ቋሚ አማካሪ ይኑርዎት፤ ደርሰው ያላዳኑት ሰው መኖሩ አይቀርም፣ ያንን ለብቻ ተሸክሞ ዓመታት መዝለቅም አይቻልም።

ነገሩ ከበረደ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው ወደዚያ ቤት ተመልሰው ይሂዱ። ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ምን እንደሚያረጋጋው፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድና ማን እንዲጠራለት እንደሚፈልግ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ከተስማሙም ቅጂው በጥሪ ማዕከሉ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ሌሊት እርስዎ ተረኛ ባይሆኑ እንኳ፣ በሩ ላይ የሚቆመው ባልደረባዎ ወጣቱን በምን ስም ቢጠራው እንደሚመልስለት ያውቃል።