መሃሉ በአረፋ የተሞላ አክሪሊክ፦ የተስተካከለው በሙቀት ቁጥጥር ነው

ሜቲል ሜታክሪሌትን (አክሪሊክ የሚሠራበትን ፈሳሽ) ከኤአይቢኤን (ምላሹን ከሚያስጀምረው ኬሚካል) ጋር ቀላቅሎ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀጥታ ሻጋታ ውስጥ ማጠንከር ለወፍራም ቁራጭ አይሆንም። የ20 ሚሊሜትር ናሙና ጠርዙ ጥርት ብሎ መሃሉ በአረፋ ተሞልቶ ወጣ። ልዩነቱ ራሱ መንስኤውን ያሳያል።

ፈሳሹ ሲወፍር የሚያድጉት ረጃጅም ሰንሰለቶች ተገናኝተው እድገታቸውን ማቆም ያቅታቸዋል፤ ሰንሰለቱ የሚገነባባቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ሞኖመሮች፣ ግን እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ፍጥነቱ በድንገት ያሻቅባል፤ ይህ የትሮምስዶርፍ ውጤት ይባላል። ምላሹ የሚያወጣው፣ በሞል ወደ 56 ኪሎጁል የሚደርሰው ሙቀት ከመሃል መውጫ ሲያጣ፣ ሞኖመሩ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አረፋው ከዚያ ይመጣል።

የሠራው መንገድ ይኸው። መጀመሪያ በሞኖመሩ ውስጥ ያለውን፣ ምላሹን የሚያግድ ኬሚካል በቤዚክ አሉሚና (አጋጁን በሚይዝ ዱቄት) አጣሩ። በክብደት 0.1 በመቶ ኤአይቢኤን ጨምሩና ናይትሮጅን ለ20 ደቂቃ አሳልፉበት፤ ኦክስጅን ካልወጣ ምላሹ ይዘገያል። ጭስ ማውጫ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በ75 ዲግሪ እያማሰላችሁ ልክ እንደ ግሊሰሪን ሲወፍር ወዲያው በበረዶ ውሃ አቀዝቅዙ። እዚህ ላይ መዘናጋት አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ከቁጥጥር ካመለጠ አይመለስም።

የወፈረውን ሽሮፕ ሻጋታ ውስጥ ገልብጣችሁ በ45 ዲግሪ የውሃ ገንዳ እስኪጠነክር አቆዩት። ውሃ ሙቀትን ከአየር በተሻለ ስለሚወስድ ምድጃ አይተካውም። በመጨረሻ 110 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ። ይህ ከተዘለለ የቀረው ሞኖመር ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፤ 105 ዲግሪ ገደማ መሆን ያለበት የመለስለሻ ሙቀቱም ይወርዳል።

ለማፋጠን ብሎ ኤአይቢኤን መጨመር አይመከርም፦ አራት እጥፍ ሲሆን የሰንሰለቱ ርዝመት በግማሽ ገደማ ያጥራል፣ ቁራጩም ተሰባሪ ይሆናል።