ፎስፈረስ ባለበት አፈር ሰብል ሲራብ፦ የሥር ፈንገስ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የአፈር ምርመራው ፎስፈረስ አልጎደለም ይላል፤ ሰብሉ ግን ቀጭጮ ቆሟል። እንዲህ ሲሆን ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ሥሩና ፈንገሱ መገናኘታቸውን ማጣራት ይቀድማል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከቦታው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሥር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለውን መጥጦ ሲጨርስ ዙሪያው ባዶ ይቀራል። ማይኮራይዛ የተባለው ፈንገስ ግን ሥሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሥር ፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን በርካታ ሴንቲ ሜትር አርቆ ይዘረጋል። ከዚያ ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣል፤ ተክሉም በስኳርና በቅባት ይከፍለዋል።

የበቆሎ ቡቃያ ሲቀጭጭና መልኩ ሲለወጥ

የታችኛው ቅጠል ከጫፍና ከዳር ወይን ጠጅ ከሆነ ፎስፈረስ አንሶታል። በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ከመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ሰፊ መስመር ከወጣ ደግሞ ዚንክ ነው። አፈሩ ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ የሚመጣው ወይን ጠጅ ሙቀት ሲገባ በራሱ ይለቃል፤ ጥቂት ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። ካልለቀቀ፣ ከዚህ ሰብል በፊት ማሳው ላይ ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

መሬቱ አረም እንኳ ሳይበቅልበት ረጅም ጊዜ ጦም አድሮ ከሆነ ፈንገሱ ተርቧል፤ ያለ ሕያው ሥር አያድግም፣ ዘሩም እየቀነሰ ይሄዳል። ጎመን፣ ጎመንዘር፣ ሰናፍጭ፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ ወይም ግብጦ ነበረበት ከተባለም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፤ እነዚህ ፈንገሱን አያስተናግዱም። ደጋግሞ ማረስ ደግሞ የተዘረጋውን የክር መረብ ይበጣጥሳል፤ አዲሱ ቡቃያ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው መረብ ስለማያገኝ የሚጎዳው ገና በለጋነቱ ነው።

ለያዝነው ወቅት ዚንክ ያነሰውን ሰብል በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም ዚንክ ሰልፌትና 2.5 ግራም በውሃ የበረደ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) በጥብጦ፣ አጣርቶ ቅጠሉ ላይ መርጨት ይቻላል። ፎስፈረስ ግን ከበቀለ በኋላ ከላይ ቢበተን ሥሩ ጋ አይደርስም። በሚቀጥለው ዘር ከዘሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይቀበር። ዘላቂው መፍትሔ ማሳውን ያለ ሥር አለማሳደር ነው፦ በዋና ሰብሎች መካከል አጃ ወይም ባቄላ መዝራት፣ እርሻ መቀነስ። ከጎመን በኋላ በፈንገሱ ላይ በጣም የሚደገፉትን ሽንኩርትና ተልባ ማስከተል ስህተት ነው፤ ስንዴና ገብስ የተሻለ ይችሉታል።

ፈንገስ ተጨምሮ ለውጥ ሲጠፋ

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በከረጢት የተዘጋጀውን ማይኮራይዛ አፈሩ ላይ መበተን ነው። ፈንገሱ ሥር ካልነካው ይሞታል፤ ስለዚህ ዘሩ ወይም ችግኙ በሚያርፍበት ጉድጓድ፣ ከሥሩ ሥር መግባት አለበት። ፎስፈረስ የበዛበት አፈርም ተክሉ ፈንገሱን እንዳያስገባ ያደርጋል፤ ክፍያው አያዋጣውምና። ፀሐይ የመታው ከረጢትና በአንዳንድ ፀረ ፈንገስ የታሸ ዘርም ያበላሹታል። ነባር ፈንገስ በሞላበት ማሳ ደግሞ መጨመሩ ላይጠቅም ይችላል። ይህን ለመለየት ጥቂት መስመር ሳይጨመርበት መተው የግድ ነው። ብዙ የሚጠቅመው በሙቀት በጸዳ የችግኝ መደብ ላይ ነው።

ሥሩን መርምሮ ማረጋገጥ

ማይኮራይዛ በዓይን አይታይም፤ በብስባሽ ላይ የሚታየው ነጭ ድር የሌላ፣ ቅሪት የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው። ቀጫጭን ሥሮችን አጥቦ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ለ5 ደቂቃ ያህል ማፍላት (ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ይደረግ)፣ በውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ 5 በመቶ የብዕር ቀለም በገባበት ነጭ ኮምጣጤ ለ3 ደቂቃ ማፍላት። ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ ባለበት ውሃ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በማይክሮስኮፕ 100 ጊዜ አጉልቶ ሲታይ፣ ፈንገሱ ካለ ቀለም የያዙ ክሮችና እንቁላል መሰል ከረጢቶች ሥሩ ውስጥ ይለያሉ።

ገለባ ከተቀበረ በኋላ የታችኛው ቅጠል ሲቢጭ

እዚህ ላይ የሚሠሩት አበስባሽ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው። በስንዴ ገለባ ውስጥ ካርቦን ከናይትሮጅን 80 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ይህ ልዩነት ወደ 25 እጥፍ እስኪወርድ ድረስ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈር ይወስዳሉ። ገለባውን ሳይቀብሩ ላዩ ላይ መተው፣ ወይም ከመዝራት በርካታ ሳምንታት አስቀድሞ መቅበር ይሻላል። ሰብሉ ቀድሞ ከቢጨ ናይትሮጅን ብቻ ይጨመርለት፤ ፎስፈረስ አይመልሰውም።