ፓስወርድ ተቆለፈ ማለት ሰውየው ወጣ ማለት አይደለም፦ ሊኑክስ ላይ አካውንት ስንፈትሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ የአይቲ ሠራተኛው ለቆበት ሰርቨሩን እንዳይ ተጠራሁ። ኃላፊዋ «አካውንቱን ቆልፈነዋል፣ ወንድሜ፤ አንተ ብቻ አንዴ እየው» አለችኝ። የቀረበልኝን ማኪያቶ ሳልጨርስ ነገሩ ገባኝ። የተቆለፈው ፓስወርዱ ነው፤ ልጁ ግን ድሮም የሚገባው በኤስኤስኤች ቁልፍ (ያለ ፓስወርድ ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ በሚያስገባ ፋይል) ነበር። ቁልፉ ሆም ፎልደሩ ውስጥ እንደነበረ ተቀምጧል።

በብዛት የማየው ስህተት ይሄ ነው። ፓስወርድ ሲቆለፍ ሻዶው በሚባለው ፋይል ላይ ከፓስወርዱ ሃሽ (ተቀይሮ ከተቀመጠው ምስጢራዊ ቅጂው) ፊት ቃለ አጋኖ ይጨመራል፤ ሌላ ነገር የለም። በተለመደው አሠራር ቁልፍ ይዞ የመጣን አያግድም። አካውንቱን ራሱን ለመዝጋት ዩዘርሞድን (አካውንት የሚቀይረውን ኮማንድ) በሰረዝ ኢ ጻፉና 1 ስጡት። የማብቂያ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1970 ስለሚሆን ቁልፍ ቢኖረውም አይገባም። ቀድሞ ገብቶ የተቀመጠን ግን አያስወጣም፤ እሱን «ደብሊው» በሚለው ኮማንድ ፈልጉት።

ስም አይቶ ማመንም አለ። ሊኑክስ የሚያየው ቁጥር ነው። የፓስወርድ ፋይሉ እያንዳንዱ መስመር በኮሎን የተለያዩ 7 ክፍሎች አሉት፤ ሦስተኛው ዩአይዲ (የተጠቃሚው መለያ ቁጥር) ነው። እዚያ ቦታ 0 የተጻፈለት ሁሉ፣ ስሙ «ባክአፕ» ይሁን «ፕሪንተር»፣ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና አስተዳዳሪ) ነው። ስለዚህ «ሩት» የሚል ቃል አትፈልጉ፤ 0ን ፈልጉ።

ሰርቨሩ ከኤልዳፕ (የብዙ ሰርቨሮችን አካውንት በአንድ ቦታ ከሚይዝ ማውጫ) ጋር ከተገናኘ ደግሞ ፋይሉን ማንበብ አይበቃም። ጌትኤንት በሚለው ኮማንድ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ሱዱ (ሰው እንደ ሩት እንዲሠራ የሚፈቅደው ኮማንድ) ላይ ብዙዎቻችን ዋናውን የሱዱወርስ ፋይል ከፍተን እንመለሳለን። ፈቃዱ ግን ጎኑ ባለው ፎልደር ውስጥ በሌላ ፋይል ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በግሩፕ ይመጣል፦ ኡቡንቱ ላይ «ሱዱ»፣ ሬድ ሃት ላይ «ዊል»። ሱዱን በትንሹ ኤልና በትልቁ ዩ ከሰውየው ስም ጋር ብትጠሩት ሁሉንም ሰብስቦ ያሳያችኋል። እሱም ቢሆን ዶከርን (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደውን) አያይም! የዶከር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው የሰርቨሩን ሙሉ ዲስክ ኮንቴይነር ውስጥ ማውንት አድርጎ (አያይዞ) እንደ ሩት ይጽፍበታል፤ ሱዱ ግን «ምንም ፈቃድ የለውም» ይላችኋል።

በዩዘርሞድ ግሩፕ ስትጨምሩ ከትልቁ ጂ ጋር ትንሹን ኤ አትርሱ፤ ካለሱ የቀድሞዎቹ ተጨማሪ ግሩፖች በሙሉ ይጠፋሉ። እኔ ካዛንቺስ ተቀምጬ ራሴን ከሱዱ አስወጥቼ ታክሲ ይዤ ሰርቨሩ ድረስ ሄጃለሁ።

ከግሩፕ ያስወጣችሁትን ሰው ደግሞ «አይዲ» ብላችሁ በስሙ ስትጠይቁ አዲሱን ዝርዝር ታያላችሁ። የከፈተው ሴሽን (ገብቶ የተቀመጠበት ግንኙነት) ግን እስኪዘጋ ድረስ የድሮውን ግሩፕ ይዞ ይቆያል።