የጊታር ፒካፕ በስፌት መኪና እንዴት እንደሚጠቀለል (ዋናው ስራ ግን ማመጣጠኑ ነው)

ባህር ዳር ሆቴል ቤት የሚጫወት ጊታሪስት ይሄን ያውቃል፣ ሶሎ ልትገባ ወደ ብሪጅ ፒካፑ (ፒካፕ ማለት ከክሮቹ ስር ሆኖ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ሽቦ ነው፣ የብሪጁ ክሩ ከሚያርፍበት ድልድይ ጎን፣ የኔኩ ወደ አንገቱ በኩል ያለው ነው) ስትቀይር ድምፁ ሲር ብሎ ይቀጥናል፣ ወደ ኔኩ ስትመልሰው ደግሞ ቤቱን ይሞላዋል፣ ሳውንድ ማኑም ፊቱን ያጨማድድብሃል። የኔ ጊታር እንደዛ ነበር፣ እሱ ሳያንስ የመሀሉ ፒካፕ አንድ ክረምት ላይ ጭራሽ ዝም አለ። አዲስ ላስመጣ ብል ዋጋው አይቀመስም፣ ስለዚህ ራሴ ጠቀለልኩት፣ አሁን ሶስቱም የእጄ ስራ ናቸው። የማወራው ስለ ስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር) አይነቱ ነጠላ ኮይል ነው፣ ኮይል ማለት የሽቦው ጥቅል ነው፣ ሀምበከር ሁለት ኮይል ስላለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ሽቦው 42 ጌጅ የሚባለው ኢናሜል የተቀባ መዳብ ነው፣ መዳቡ ብቻውን 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በቃ ፀጉር በሉት። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ አታገኙትም። እኔ የወፍጮና የፓምፕ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄጄ "ጋሼ ከዚህ የቀጠነ የለም?" ስላቸው "አንተ ልጅ፣ ሞተር ነው የምትጠቀልል ወይስ የሸረሪት ድር ነው የምታደራ?" ብለው ሳቁብኝ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሩብ ኪሎ ጥቅል አስመጡ። አንድ ፒካፕ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ይበላል፣ ሲመዘን ግን 30 ግራም ቢሆን ነው፣ ስለዚህ የሚበጠሰውን ቀንሳችሁም ስድስት ፒካፕ ይወጣችኋል።

ማግኔቶቹን ከሞተው ፒካፕ መጠቀም ይቻላል፣ ስድስቱ ዘንጎች ብዙ ጊዜ አልኒኮ ናቸው፣ አሉሚኒየም ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር ማለት ነው፣ እና ብረት ስላለበት ይዝጋል። የኔ ፒካፕ የሞተው በዚህ ነበር፣ ስፈታው ማግኔቱ ላይ ዝገት ፈልቶ በቀጥታ የነካውን የውስጠኛውን ሽቦ በልቶታል። ሀይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ዘንጎቹን በብርጭቆ ወረቀት አፅዱና ቬርኒሽ ቀቡ፣ ሲደርቅ አንድ ዙር ቀጭን ፕላስተር ጠቅልሉበት፣ ከዛ በኋላ ነው ሽቦ የሚገባው። የላይና የታቹን ሳህን ከፎርማይካ ቁራጭ ቆርጣችሁ ዘንጎቹን አጥብቃችሁ አስገቡበት፣ ጠርዙን በደንብ ሞርዱት፣ ትንሽ ሻካራ ነገር ካለ ሽቦው እዛች ጋ ነው የሚበጠሰው።

ብዙ ሰው በትራፓኖ ይጠቀልላል፣ እኔም ሞክሬያለሁ፣ 3 ሺህ ዙር ላይ መብራት ሄደና ሲመጣ ማብሪያውን አላጠፋሁትም ነበርና በአንዴ ፈትለክ ብሎ ሽቦውን በጠሰው። ከዛ በኋላ የእናቴን የእጅ ስፌት መኪና ነው የምጠቀመው። መዘውሩ መሀል ላይ ያለችውን ትልቋን ብሎን ስታላሉት መርፌው ይቆማል መዘውሩ ብቻ ይዞራል፣ እሱ ላይ ትንሽ እንጨት አስራችሁ ቦቢኑን (የስፌቱን ሳይሆን ከሳህንና ከዘንጎቹ የሰራችሁትን) በሁለት ፊት በሚለጥፍ ፕላስተር መሀል ለመሀል ለጥፉት። በኔ መኪና እጀታው አንዴ ሲዞር መዘውሩ ሶስቴ ይዞራል፣ በናንተ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ።

ዙሩን በቃል እቆጥራለሁ ያለ ሰው 400 ላይ ስልክ ይደወልለታል። ርካሽ ካልኩሌተር ፈታችሁ ከ"እኩል ይሆናል" ቁልፍ ስር ካሉት ሁለት መስመሮች ሽቦ አውጡና ሪድ ስዊች (ማግኔት ሲቀርበው የሚገናኝ ትንሽ ማብሪያ) ላይ በይዱት፣ መዘውሩ ላይ ትንሽ ማግኔት ለጥፉ፣ ከዛ 1 ሲደመር 1 ብላችሁ ስታዞሩ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር አንድ እየጨመረ ይቆጥራል። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ 20 ዙር በእጅ ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

ሽቦውን በሁለት ጣት መሀል በጨርቅ ያዙት፣ ሲያልፍ ይሰማችሁ ግን አይወጠር፣ ቢላላ ኮይሉ ያብጣል ቢጠብቅ ይበጠሳል፣ እጃችሁ ከሁለት ሶስት ሙከራ በኋላ ራሱ ያውቀዋል። ከዳር እዳር ቀስ እያላችሁ አመላልሱት፣ የማሽን ያህል ባይስተካከል ችግር የለውም። ማታ ማታ ግን ባትሰሩ ይሻላል፣ የጣና ዳር ትንኝ መብራት አይቶ እየመጣ ኮይሉ ውስጥ አብሮ ይጠቀለላል (እኔ አንዱ ፒካፕ ውስጥ ቢያንስ ሶስት አሉኝ)።

ስንት ዙር? እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ክር መሀሉ አካባቢ በሰፊው ነው የሚርገበገበው፣ ብሪጁ ጋ ግን እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሶስቱንም እኩል 8 ሺህ ብትጠቀልሉ እኩል ድምፅ አይሰጧችሁም። እኔ ኔኩን 7,600 መሀሉን 7,800 ብሪጁን 8,300 አደረግኩ። ዙር ሲበዛ ድምፁ ይጎላል ግን የላይኛው ጥራት ይደፈናል፣ ብሪጁ ድሮም ድምፁ ቀጭንና ስል ስለሆነ ትንሽ መደፈኑ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

የመሀሉን ስትሰሩ ሁለት ነገር ገልብጡ፣ ማግኔቶቹን ከታች ወደ ላይ አዙሩ፣ የጠመጠማ አቅጣጫውንም በተቃራኒ አድርጉ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ከማዞር ይልቅ ቦቢኑን ፊቱን አዙራችሁ መለጠፍ ይቀላል። ሁለቱም ከተገለበጡ መሀሉን ከኔኩ ወይ ከብሪጁ ጋር ስታበሩት የመብራቱ እምምም ይጠፋል። አንዱን ብቻ ከገለበጣችሁ ግን ድምፁ በአፍንጫ እንደሚያወራ ሰው ቀጥኖ ይቀራል፣ እንደዛ ከሆነ አትፍቱት፣ የዛን ፒካፕ ሁለት ሽቦ አቀያይራችሁ በይዱ ይስተካከላል፣ የተገለበጠው ማግኔቱ ብቻ ከነበረ እምምሙም ይጠፋል፣ ጠመጠማው ብቻ ከነበረ ግን እምምሙ አብሯችሁ ይኖራል።

ከዛ ሰም። ኮይሉ ሰም ካልጠጣ የአምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ድምፅ ስትጨምሩ ያፏጫል። አራት እጅ ነጭ ሻማ አንድ እጅ የንብ ሰም፣ ጎጃም ተቀምጦ የንብ ሰም ቸገረኝ የሚል ሰው አላውቅም፣ ከጠጅ ቤት ጠይቁ። ብረት ድስት ውሃ ላይ ቆርቆሮ አስቀምጣችሁ አቅልጡት፣ በቀጥታ እሳት ላይ ሰም እንዳታደርጉ ቤት ነው የሚያቃጥለው። 65 ዲግሪ አካባቢ በቂ ነው፣ ፒካፑን ክተቱትና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም 10 ወይ 15 ደቂቃ ተዉት።

አሁን የሰራሁትን ጅልነት ልንገራችሁ። ብሪጁን ከሰሙ አውጥቼ ትኩሱን በቴስተር ስለካው 7.2 ኪሎ ኦም አለ፣ ኔኩ ደግሞ 5.7 ነበር፣ "ልዩነቱ በዛ" ብዬ ኔኩ ላይ 600 ዙር ጨመርኩበት። ማታ ቀዝቅዞ ስለካው ብሪጁ 6.3 ሆኖ ቁጭ። የመዳብ ኦም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ከ60 ዲግሪ ወደ 25 ሲወርድ አስሉት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አንድ ቦታ ቀዝቅዘው ለኩ፣ ደግሞ ኦም የሽቦውን ርዝመትና ውፍረት ነው የሚነግራችሁ እንጂ ጉልበቱን አይደለም፣ ቴስተሩ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም ለማለት ነው የሚጠቅመው።

እውነተኛው ሚዛን ከፍታው ላይ ነው። ቀጭኗንና ወፍራሟን ክር የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ወደ ፒካፑ የቀረበው) ላይ ተጫኑ፣ በክሩና በማግኔቱ መሀል የ2 ሚሊ ፑንታ አስገብታችሁ ለኩ፣ ወፍራሟ በኩል 2 ሚሊ ቀጭኗ በኩል 1.6 ጥሩ መነሻ ነው። ከብሪጁ ጀምሩ፣ ደካማው እሱ ስለሆነ፣ ሌሎቹን ወደ ታች እያወረዳችሁ እሱን አስመስሏቸው፣ ኔኩን ወደ ላይ አትጎትቱ፣ ማግኔቱ ሲቀርብ ክሩን ይስበውና አንድ ኖታ ሁለት ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ይሰማል። ጆሯችሁን ካላመናችሁ በስልክ ቅዱት፣ አምፑን ሳትነኩ በየፒካፑ አስር አስር ጊዜ በተመሳሳይ ምት ምቱና የማዕበሉን ቁመት እዩ።

አንድ ክር ብቻ ከሌላው ከጮኸ (ብዙ ጊዜ ሶስተኛዋ ናት፣ የድሮው የዘንግ አቀማመጥ የተሰራው ሶስተኛዋ እንደ ወፍራሞቹ ላይዋ ሽቦ የተጠቀለለባት ክር በነበረችበት ጊዜ ነው) ዘንጉን በካቻቢቴ ወደ ታች ልግፋው እንዳትሉ፣ ሽቦው የተጠቀለለው እሱ ላይ ስለሆነ ወዲያው ይቆረጣል። እሱን ከመጠቅለሉ በፊት ነው የሚያስተካክሉት። የኔ አሁን የተቀመጠው ቀጭኗ በኩል ብሪጁ 1.6፣ መሀሉ 2.2፣ ያ 600 ዙር የተጨመረበት ኔክ ደግሞ 3.2 ላይ ነው፣ ክር በቀየርኩ ቁጥር ከብሪጁ ጀምሬ እንደገና እለካቸዋለሁ።