የጎንደርን የድሮ የአየርና የጦር ፎቶዎች ከመንግሥት መዛግብት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ላፕቶፔ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እያጎላሁ ነው። የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት የዛሬ ሃምሳ ምናምን ዓመት ያነሳው ነው። መጀመሪያ የታየኝ ግራጫ ብቻ ነበር። ቆይቶ ሁለት ጠመዝማዛ መስመሮች ለየሁ። አንዱ የቀሃ ወንዝ፣ ሌላው አንገረብ። በሁለቱ መሃል ባለው ከፍታ ላይ አንድ አጥር ከነጥላው ተኝቷል። ፋሲል ግቢ! ብቻዬን ቁጭ ብዬ ጮህኩ።

ከተማችንን ከላይ ያነሷት ሰዎች ለእኛ ብለው አላነሷትም። ጣሊያን ሊገዛት፣ እንግሊዝ ጣሊያንን ሊያስወጣ፣ አሜሪካ ደግሞ ዓለምን ሲሰልል አነሷት። ፎቶው ላይ ያለው ግን የእኛ ቤት፣ የእኛ ዛፍ፣ የእኛ መንገድ ነው። አብዛኛውን ደግሞ ከጎንደር ሳይነሱ ማየት ይቻላል። እኔ በሄድኩበት መንገድ ልውሰዳችሁ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ኢንተርኔት ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጻፉ፤ ቦታና ጊዜ። «የጎንደር የድሮ ፎቶ» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። «አዘዞ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.» ሲባል ግን ፍለጋው መልክ ይይዛል።

ለጦርነቱ ዘመን እነዚህን ቀኖች ያዙ። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የወልከፊት ምሽግ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ነው። ሌላው የጣሊያን ምሽግ ቁልቋል በር የወደቀው ኅዳር 12፣ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ጉልየልሞ ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ትልቅ ይዞታ ጎንደር ነበር። በዚህ ምክንያት የ1934ቱ ጦርነት ፎቶ ብዙ ነው።

የቀን አቆጣጠሩን አደራ። የውጭ መዝገብ ቤት ሁሉ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው። ናዚ እጁን የሰጠበት ቀን እነሱ ዘንድ ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ነው። ዋልተር ሚትልሆልዘር የሚባለው የስዊዘርላንድ አብራሪ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አውሮፕላን ሊያደርስ የመጣው በ1934 ነው ሲባል ደግሞ የእነሱ 1934 ነው። ከእኛ 1934 ጋር ሰባት ዓመት ይራራቃል። እኔ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ሳልጽፍ አንድም ፎቶ አላስቀምጥም።

ቀጥሎ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ማወቅ ነው። ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ነው። ጣሊያን ወልከፊትን ሲጽፍ በ«ዩ» ጀምሮ መሃሉ ላይ «ሲ» እና «ኤች» ያስገባል። በጣሊያንኛ ሁለቱ ሲገናኙ «ክ» ተብለው ነው የሚነበቡት። እንግሊዞቹ ግን ሁለቱን ፊደላት እንዳሉ ገልብጠው መጀመሪያውን ብቻ በ«ደብሊው» ቀየሩት። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ወልቸፊት» የሚመስል ቃል ስታዩ አትለፉት፣ የሊማሊሞው ወልከፊት ነው። ቁልቋል በርም በጣሊያንኛ እንደ አንድ ቃል ተጋጥሞ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ኩልካበር» ሆኗል። አዘዞ «አዞዞ» ተብላለች። ጎንደር ራሷ ከመጨረሻው «አር» በፊት ያለው ፊደሏ «ኤ» ወይም «ኢ» ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ሞክሩ።

ከቤት ሳይወጡ፣ የሳተላይቱ ፎቶ

ለጀማሪ የምመክረው ይሄን ነው፤ ነጻ ነው፣ ደብዳቤ አይጠይቅም። ኮሮና የሚባለው የአሜሪካ የስለላ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 ሠርቷል። ሳተላይቱ ፊልሙን በካፕሱል ይጥላል፣ አውሮፕላን ደግሞ ፓራሹቱን አየር ላይ ይቀልበዋል። ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1995 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትዕዛዝ ከምስጢርነት ወጡ። ዛሬ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ኧርዝ ኤክስፕሎረር በሚባለው ገጹ ያድላቸዋል።

ገጹን ክፈቱና በኢሜይላችሁ ተመዝገቡ። በኮኦርዲኔት መፈለጊያው ላይ 12.60 ሰሜን፣ 37.47 ምሥራቅ ብላችሁ አስገቡ። ጎንደር ናት። የጊዜ ገደቡን ከ1960 እስከ 1984 አድርጉት። ከዳታ ዝርዝሩ ውስጥ ከምስጢርነት የወጡትን የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ሦስት ናቸው፤ በ1996፣ በ2002 እና በ2013 የተለቀቁ። ሦስቱንም ምረጡና ፈልጉ።

አሁን አትቸኩሉ። እያንዳንዱ ውጤት ትንሽ የማሳያ ምስል አለው። እሱን ሳታዩ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። እኔ መጀመሪያ ላይ ቀኑን ብቻ አይቼ አንድ ፍሬም አዘዝኩ። ስካን ያልተደረገ ፍሬም ስታዝዙ 30 ዶላር ይከፈላል። የውጭ ክፍያ ካርድ ስላልነበረኝ ውጭ ያለ የአክስቴን ልጅ አስቸግሬ አስከፈልኩ። ፋይሉ ሲመጣ ከጣና እስከ ዳባት ዳመና ብቻ ነው። የነሐሴ ፎቶ ነበር። ክረምት ላይ ጎንደር ምን እንደምትመስል እያወቅሁ አላሰብኩትም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያሉትን ብቻ እዩ። ቀድሞ ስካን የተደረገ ካለ ደግሞ በነጻ ነው የሚወርደው። አንድ ሰው ከፍሎ ያስነሳው ፍሬም ከዚያ በኋላ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ገንዘብ ለዳመና ወጣ እንጂ፣ ሁለተኛው ሙከራችን ለጎንደር ልጅ ሁሉ ተርፏል።

ከኮሮና ካሜራዎች የመጨረሻው ጥሩ ነው። መሬት ላይ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ነገር ይለያል። አንዱ ፍሬም ግን 14 ኪሎሜትር ገደማ ስፋትና 188 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው ረጅም ሪባን ነው። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱት።

የጦርነቱ ፎቶዎች

ለዚህ ሁለት በር አንኳኩ። አንደኛው ለንደን ያለው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ፎቶዎቹ በድረ ገጹ ላይ ይታያሉ። የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ፣ የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ጦር፣ ወታደሮች ወልከፊት ላይ የተማረከ መሣሪያ ሲሰበስቡ የሚያሳየው ፎቶ እዚያ ነው። ሁለተኛው ሮም ያለው የሉቼ ተቋም ነው። ሉቼ የፋሽስቱ መንግሥት የፎቶና የፊልም ክንፍ ነበር። ፎቶው ጥራት አለው፣ መግለጫው ግን ፕሮፓጋንዳ ነው። አርበኞቻችንን የሚጠራው «ሪቤሊ»፣ አመጸኞች፣ እያለ ነው። ቃሉ ያማል። ለፍለጋ ግን ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም አርበኞች የተመዘገቡት በዚያ ስም ነው።

ከዚያ በተረፈ የሚትልሆልዘርን የ1934 (እ.ኤ.አ.) በረራ ፎቶዎች ዙሪክ ያለው የኢ.ቲ.ኤች. ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያሳያል። ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ «ኤ-አይ-አር 27» በሚለው ተራ ቁጥር የእንግሊዝ አየር ኃይል ስኳድሮኖችን፣ የአውሮፕላን ጓዶችን፣ የዕለት መዝገብ ይዟል። በምሥራቅ አፍሪካ የተዋጋው 47ኛው ስኳድሮንም እዚያ አለ። መዝገቡ ፎቶ ባይሆንም የትኛው አውሮፕላን በየትኛው ቀን የት እንደበረረ ይነግራል። ቀን የሌለው ፎቶ ስታገኙ ይሄ ነው የሚያድናችሁ።

ለመዝገብ ቤት ስትጽፉ አጭር ሁኑ። የቦታው ስም በሁሉም አጻጻፍ፣ ኮኦርዲኔቱ፣ የፈረንጅ ቀን ከዚህ እስከዚህ፣ ከላይ የተነሳ ነው ወይስ ከምድር፣ ለምን እንደፈለጋችሁት። አምስት መስመር ይበቃል። ለመጽሐፍ ወይም ለሽያጭ ከሆነ ፈቃዱ ሌላ ስለሆነ መጀመሪያውኑ ተናገሩ።

አዲስ አበባ

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሳቸው የአየር ፎቶዎች አገራችን ውስጥ አሉ። በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ፣ በዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ 8,281 ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። ሰሌዳው ግማሽ ሜትር በ20 ሳንቲሜትር ይሆናል። አራት ፎቶ ተለጥፎበታል። አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ዘመም ብለው፣ አራተኛው በጣም ዘሞ እስከ ሩቅ የሚያይ ነው። አራቱም በአንድ ቅጽበት የተነሱ ናቸው። ቀጥታ የሚያየው ስኬሉ 1፡11,500 ገደማ ነው። 1 ሳንቲሜትር 115 ሜትር ማለት ነው። 900 ሜትር የሚሆነው የፋሲል ግቢ አጥር በዚህ ስኬል ቢለካ ዙሪያው 8 ሳንቲሜትር አይሞላም። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ።

ሰሌዳዎቹ አገሩን ሁሉ አይሸፍኑም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ፎቶውን ሳይሆን የበረራ መስመሮቹን ማውጫ ነው። በዚያው ተቋም ከጣሊያን በኋላ በ1960ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለካርታ ሥራ የተነሱ ፎቶዎችም አሉ። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ መታወቂያ አትርሱ። ደብዳቤው ላይ ቦታውና ዓመቱ በግልጽ ይጻፍ። ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱንና ቤተ መጻሕፍቱን) እና ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም በዚያው ጉዞ ጎብኙ።

ፎቶውን ማንበብ

መጀመሪያ ጥላውን እዩ። ጥላው ወደ እናንተ እንዲወድቅ አድርጋችሁ ፎቶውን አዙሩት። አለበለዚያ ዓይን ይሸወድና ሸለቆው ኮረብታ ይመስላል። ከዚያ የማይንቀሳቀሱትን ፈልጉ። ግቢው፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም። ቤተ ክርስቲያን ከላይ ሲታይ ጥቁር ክብ ነው። የዛፉ ቀለበት ነው ቀድሞ የሚታየው፣ ጣሪያው መሃል ላይ ነጥብ ይሆናል። የጎንደር አድባራት ብዙ ስለሆኑ በእነሱ ብቻ ከተማውን መቃኘት ይቻላል።

የሌለውም ይናገራል። የፒያሳ የጣሊያን ሕንጻዎች ካልታዩ ፎቶው ከወረራው በፊት ነው ወይም ገና መጀመሪያው ላይ ነው። የአንገረብ ግድብ ውኃ ከታየ ደግሞ የጦርነቱ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941ዱ የእንግሊዝ ድብደባ ግቢው ውስጥ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎድቷል። ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች ካገኛችሁ ጣሪያዎቹን አስተያዩ።

አሁን ካለው ጋር ለማስተያየት ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ ምስሉን መደረብ ይበቃል። በደንብ ለመግጠም የፈለገ ኪው ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ይጠቀም። የማያያዣ ነጥቦቹን የግቢው ማዕዘን፣ የድሮ ድልድይ፣ የመዋኛው ጥግ ላይ አድርጉ። ጎንደር ተዳፋት ስለሆነች ከገደል አፋፍና ከወንዝ ዳር ነጥብ አትውሰዱ፣ ፎቶው ይጣመማል።

ለሚያውቀው ማሳየት

የሳተላይቱን ፎቶ በትልቁ አሳተምኩና ጎረቤታችን ላሉ እናት ይዤ ሄድኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ዝም ብለው አዩት።

«እማማ፣ ይቺ ጎንደር ናት» አልኳቸው።

«እንዲህ አይደለችም እንግዲህ» አሉና ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት። ቁስቋም ከፊታቸው እንዲሆን ነው። በልጅነታቸው ከደጃቸው ሲወጡ የሚያዩት እሱን ነበር። ከዚያ ጣታቸው ሄደ። «ይኸ ቀሃ። እዚች ጋ ነው ልብስ የምናጥበው። ይቺ ጥቁሯ ዋርካዋ ናት፣ ተቆረጠች እኮ ልጄ።» እኔ ዋርካዋ የፎቶው ቆሻሻ መስላኝ ነበር።

ስለዚህ አትሙት፣ በትልቁ። ወረቀቱን እንደፈለጉ እንዲያዞሩት ተዉአቸው። ፎቶው ላይ አትጻፉ። ስስ ወረቀት ደርቡበትና የነገሯችሁን ስም እዚያ ላይ በእርሳስ አስቀምጡ። ድምፃቸውን አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዱ። ፋይሉን ስትሰይሙ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር አትቀይሩ፣ ከኋላው ቦታውንና ሁለቱን ቀን ጨምሩ።

ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቱ መልሳችሁ ጻፉ። የፎቶውን ቁጥር ጥቀሱ፣ መግለጫው ላይ የተሳሳተውን ቦታ አርሙ፣ የአካባቢውን ስም በአማርኛም በላቲንም ፊደል ላኩላቸው።