ፒሲ ላይ ያልወጣውን ጌም ከካርቶን ማውጣት

አልጋዬ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ውስጡ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኮች፣ አንድ ሜሞሪ ካርድ እና ገመዱ የተላጠ ጆይስቲክ አሉ። የእኔና የታላቅ ወንድሜ ናቸው። ቃሊቲ ስናድግ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን ሩጫችን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይገባል። ኋላ ላይ አባታችን ማሽኑን ራሱን ገዛልን። ከዚያ በኋላ ሳሎናችን የሰፈር ልጅ ሁሉ መሰብሰቢያ ሆነ።

አሁን ወንድሜ ውጭ ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ማሽኑ ዛሬም ይበራል፤ ሌንሱ ግን ሞቷል። ዲስክ ሲገባበት ትንሽ ይሽከረከርና ዝም ይላል።

እኔም እንደ ብዙ ሰው "ምናለ ቴከን 5 ፒሲ ላይ ቢወጣ" እያልኩ ዓመታት ጠበቅኩ። ቴከን 5 ካርቶኑ ውስጥ ካሉት አንዱ፣ የድብድብ ጌም ነው። አልወጣም። የቴከን ዋናው ተከታታይ ፒሲ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በ2017 በቴከን 7 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ወደኋላ ተመልሰው አምስተኛውን አላመጡልንም። ባለፈው ክረምት መጠበቁን ተውኩና በራሴ ላፕቶፕ አስነሳሁት። እናንተም ካርቶን ካላችሁ ዲስኮቹ ሳይበላሹ እንድትደርሱላቸው አሠራሩን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ጌሙ እውነት አለመምጣቱን አጣሩ

አንድ ጎረቤቴ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽንን ለመጫወት ብሎ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 ሊገዛ ብር ሲያጠራቅም አገኘሁት። ጌሙ የወጣው በ2010 ነው። 14 ዓመት ፒሲ ሳይነካ ቆየ፤ በ2024 ግን መጣ። ልጁ አልሰማም ነበር። እንዲህ ያለ ብዙ ነው። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር በ2022፣ ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል አንድ በ2023፣ ጎስት ኦፍ ሱሺማ በ2024 ፒሲ ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ ከምኞታችሁ በፊት ስቲም የሚባለው የፒሲ ጌም መሸጫ ላይ ገብታችሁ ስሙን ፈልጉ።

ስታገኙት ወዲያው አትግዙ። ገጹን ወደታች ውረዱና ማሽናችሁ ይችለው እንደሆነ እዩ። ጎድ ኦፍ ዋር 70 ጊጋ ባዶ ቦታና ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል። ዘ ላስት ኦፍ አስ ደግሞ 100 ጊጋ ቦታና 16 ጊጋ ራም ይላል። በሞባይል ፓኬጅ 100 ጊጋ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰፈር ሰው አይነገርም። ጓደኛችሁ ያንኑ ጌም ገዝቶ ከሆነ ግን መፍትሔ አለ። ስቲም ከ2023 ጀምሮ በአንድ ዋይፋይ ወይም በአንድ ኔትወርክ ገመድ የተገናኙ ሁለት ኮምፒውተሮች ጌሙን እንዲቀባበሉ ያደርጋል። ሁለታችሁም የየራሳችሁን መግዛት አለባችሁ፤ ያን ሁሉ ጊጋ ግን ከኢንተርኔት አታወርዱትም።

ሌላው የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ጉዳይ ነው። ይህ የፕሌይስቴሽን አምራቹ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው፤ አንዳንድ ጌሞቹ ፒሲ ላይም ይጠይቁታል። ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ሶኒ አገልግሎቱን በሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። በግንቦት 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለው ጌም ይህን አካውንት የግድ ሊያደርግ ሲል፣ ከ170 በላይ አገሮች ውስጥ ከስቲም ሽያጭ ወርዶ ነበር። ተጫዋቹ ጮኸ፤ ግዴታውንም በቀናት ውስጥ ተዉት። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሶኒ በተወሰኑ የፒሲ ጌሞቹ ላይ አካውንቱን በፈቃደኝነት አድርጎታል። እናንተ ግን የምትገዙትን ጌም ገጽ በቀኝ በኩል አንብቡ። የሦስተኛ ወገን አካውንት ይጠይቃል የሚል ጽሑፍ ካለ እዚያ ላይ ተጽፏል። ገዝታችሁ ካልሠራላችሁ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት፣ ብራችሁን ይመልሳል።

እውነትም ያልመጡ ጌሞች አሉ። ብለድቦርን ከ2015 ጀምሮ ፕሌይስቴሽን ላይ ብቻ ነው ያለው። ግራን ቱሪስሞ 7ም እንደዚያው። ወደ ብለድቦርን እመለሳለሁ። አሁን ወደ ካርቶኑ እንሂድ።

ዲስኩን ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ

ለፕሌይስቴሽን 2 የሚሆነው ፕሮግራም ፒሲኤስኤክስ2 ይባላል። በነፃ የሚወርድ ነው። ፒሲያችሁን እንደ ፕሌይስቴሽን 2 እንዲያስብ ያደርገዋል። ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። እኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ "መቶ ጌም አብሮ አለው" የተባለ ፍላሽ ገዝቼ ነበር። ጌሞቹ ግማሹ አልተከፈቱም። ላፕቶፔ ግን ቫይረስ ገብቶበት ፎቶዎቼ ጠፉ። የእናቴ የልደት ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። አሁንም ያናድደኛል።

የእኔ ላፕቶፕ ያገለገለ ነው፤ ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ዊንዶውስ 10 ነው። ቴከን 5ን በደንብ ይጎትታል። ጎድ ኦፍ ዋር 2 ላይ ግን ጠላት ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ከዚህ የተሻለ ማሽን ካላችሁ አትስጉ።

አዳዲስ ላፕቶፖች ዲቪዲ ማጫወቻ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ማጫወቻ ያስፈልጋችኋል። እኔ ከጎረቤት ተዋስኩ። ጥሩነቱ ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። እኛ ጋ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከካርቶኑ መጀመሪያ ኦሪጅናሎቹን ምረጡ። ብዙዎቻችን ቤት በማርከር ስም የተጻፈባቸው ኮፒ ዲስኮችም አሉ። የእነሱ መረጃ የተጻፈው ቀለም ላይ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። የኦሪጅናሉ መረጃ ግን በፋብሪካ የታተመ ነው። ጭረት ካልጎዳው ይቆያል።

ዲስኩን ስታጸዱ በክብ አትጥረጉ። ሁሉም ሰው በክብ ነው የሚጠርገው፤ ልክ አይደለም። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ያዙ፣ ከመሃል ቀዳዳው ጀምራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ጠርዝ ሳቡት። ምክንያቱ ቀላል ነው። መረጃው የተጻፈው በክብ መስመር ነው። በክብ ስትጠርጉ አንድ አሸዋ ብትይዙ ጭረቱ መስመሩን ተከትሎ ብዙ ቦታ ያበላሻል። ቀጥ ያለ ጭረት መስመሩን ተሻግሮ ስለሚያልፍ ማሽኑ ከጎንና ከጎኑ ካለው መረጃ ያቃናዋል።

ከዚያ ዲስኩን ከትታችሁ ፋይሎቹን ክፈቱ። ሲስተም ዶት ሲኤንኤፍ የሚል ትንሽ ፋይል ከታያችሁ ዲስኩ ይነበባል ማለት ነው። በኖትፓድ ስትከፍቱት የጌሙን ኮድ ታገኛላችሁ። በኤስኤልዩኤስ ከጀመረ የአሜሪካ፣ በኤስኤልኢኤስ ከጀመረ የአውሮፓ ቅጂ ነው።

ኢምግበርን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። ከዲስክ ኢሜጅ ፋይል ፍጠር የሚለውን ምረጡ። የንባብ ፍጥነቱን 4 ላይ አድርጉት። በዚህ ፍጥነት ባለ 4.7 ጊጋ ዲስክ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባለ ሁለት ንብርብሩ ወደ ግማሽ ሰዓት። ፈጣን ማድረግ ይቻላል፣ ግን ያረጀ ዲስክ በፍጥነት ሲሽከረከር ይበልጥ ይሳሳታል። ሲጨርስ አንድ አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ፣ ይሰጣችኋል። ጌማችሁ ያ ነው።

የእኔ ቴከን 5 አንዴ 63 በመቶ ላይ ስታክ አደረገ። ማጫወቻው ክር ክር ይላል፣ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። አወጣሁት፣ መብራት ስር አዘንብዬ አየሁት። የጣት አሻራ ነበር፤ ማን ያውቃል የስንት ዓመት። ጨርቁን ትንሽ ውሃ ነክሬ ጠረግኩት፣ አደረቅኩት፣ እንደገና ጀመርኩ። 63 አለፈ። 64 ሲል ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ።

ለምን በቴከን 5 ጀመርክ ብትሉኝ፣ ዲስኩ ላይ አምስተኛው ብቻ አይደለም ያለው። የመጀመሪያው፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቴከን የአርኬድ ቅጂዎች እዚያው ውስጥ አሉ። አንድ ዲስክ አውጥታችሁ አራት ቴከን ታገኛላችሁ። ያ ሁሉ ልጅ ኤዲ በሚባለው ተዋጊ ቁልፉን ዝም ብሎ እየደበደበ ያሸንፍበት የነበረው ሦስተኛው ጭምር።

ባዮሱ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቋርጣል። ፒሲኤስኤክስ2 ያለ ባዮስ አይነሳም። ባዮስ ማለት ፕሌይስቴሽኑ ሲበራ የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራሙ ነው። የሶኒ ንብረት ስለሆነ ፒሲኤስኤክስ2 አብሮ አይሰጣችሁም። ከየትም አታውርዱ፤ ሕጋዊ አይደለም፣ ቫይረስም የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ከራሳችሁ ማሽን ታወጡታላችሁ።

ሌንሱ የሞተ ማሽንም ለዚህ ይሆናል። ይሄን ሳውቅ ነው ፕሌይስቴሽኔን ከቁም ሣጥን ላይ ያወረድኩት። ፍሪ ኤምሲ ቡት የሚባል ፕሮግራም የተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲበራ ዲስክ ሳይጠይቅ ከካርዱ ይነሳል። መጨረሻ ላይ የወጡት ባለ 90000 ቁጥር ማሽኖች ውስጥ ግን እንቢ የሚሉ አሉ፤ ከጀርባው ያለውን ቁጥር አስቀድማችሁ እዩ። ካርዱን ጌም ማሽን ከሚጠግኑ ልጆች ጠይቁ። ከዚያ አንድ ትንሽ ፍላሽ በፋት32 ፎርማት አድርጉና ባዮስድሬይን የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑበት። ፍላሹን ፕሌይስቴሽኑ ፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ ላይ ሰኩና ፕሮግራሙን አስነሱ። የማሽኑ ዩኤስቢ የድሮ ስለሆነ ቀስ ይላል። ታገሱት፤ መሃል ላይ አትንቀሉ። ዋናው የባዮስ ፋይል 4 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ፋይሎቹን የፒሲኤስኤክስ2 ባዮስ ፎልደር ውስጥ አስገቡ፣ አይኤስኦው ያለበትን ፎልደር አሳዩት፣ በቃ። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በዩኤስቢ ስትሰኩ ራሱ ያውቀዋል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አትሙሉ፤ አውቶማቲክ የሚለውን ተጫኑ። የምስል ጥራቱ መጀመሪያ ኔቲቭ (የጌሙ የራሱ ጥራት) ላይ ይሁን። ሳይንቀራፈፍ ከሄደ ወደ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ከፍ አድርጉት። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ይሁን፤ በባትሪ ብቻ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ ጌሙ ይዘገያል። ሌላውን ማስተካከያ አትነካኩ። ጌሙ በደህና እየሄደ ማስተካከያ የነካካ ሰው ነው የሚቸገረው።

ፒኤስፒ፣ ፕሌይስቴሽን 3 እና ብለድቦርን

በእጅ የሚያዘው የሶኒ ጌም ማሽን፣ ፒኤስፒ፣ ቀላሉ ነው። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለው ፕሮግራሙ ባዮስ አይጠይቅም፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ስልክ ላይም ይሄዳል። ለፕሌይስቴሽን 3 አርፒሲኤስ3 የሚባል ፕሮግራም አለ። የሚፈልገው ሲስተም ሶኒ ራሱ በድረ ገጹ በነፃ ያስቀመጠው ነው። ነገር ግን ጠንካራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ የእኔ ዓይነት ላፕቶፕ አይሞክረው።

ለብለድቦርን የምመክረው፣ ፕሌይስቴሽን 4 ቤት ውስጥ ካለ፣ ሪሞት ፕሌይ ነው። ማሽኑ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ሆኖ ጌሙን ይጫወታል፣ ላፕቶፑ መኝታ ቤት ምስሉን ይቀበላል። ቤተሰብ ድራማ ሲያይ ቴሌቪዥኑን አትቀሙም። ሁለቱም ላይ አንድ አካውንት መግባት አለበት። ሶኒ ቢያንስ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይላል፣ የሚመክረው 15 ነው። ማሽኑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ዋይፋይ ይበላል። ለቴከን ግን አይሆንም። ቁልፍ ተጭናችሁ ምቱ እስኪመጣ ያለችው ቅጽበት ታሸንፋችኋለች።

ሜሞሪ ካርዱ

ዲስክ ያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን ይረሳዋል። ባለ 8 ሜጋባይቷ ካርድ ውስጥ ያኔ ሴቭ ያደረጋችሁት አለ። ፕሌይስቴሽኑ ላይ ዩላውንችኤልፍ በሚባለው ፕሮግራም ሴቮቹን ፒኤስዩ በሚል ዓይነት ወደ ፍላሽ ቅዱ፤ ከዚያ ማይኤምሲ በሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ወደ ፒሲኤስኤክስ2 ካርድ አስገቡ። የካርዱን ፋይል በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ጌሙ ሴቭ እያደረገ ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ያላችሁ ይሄን አትናቁ።

እኔ ስከፍተው የወንድሜ ሴቭ ከነቀኑ ወጣ። ሁሉንም ተዋጊ ከፍቶ ነበር የሄደው። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወለና የትኛው ዲስክ ደህና፣ የትኛው የተጫረ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

ዲቪዲ ማጫወቻውን እሑድ ለጎረቤቴ እመልሳለሁ። ዘጠኝ ዲስክ ቀርቶኛል። ዛሬ ማታ ተረኛዋ ጎድ ኦፍ ዋር 2 ናት፤ ጠርዟ ላይ አንድ ረጅም ጭረት አላት፣ ደግነቱ ቀጥ ያለ ነው።