ላንጋኖ ስትወርዱ እባካችሁ ያንን ላይፍ ጃኬት ቆልፉት

ላንጋኖ ዳር ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሚዋኝ ሰው ስጠብቅ ጥቂት ዓመታት ኖሬያለሁ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ሰው በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። ሥራውን ከተውኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ለመዝናናት ወርጄ ያንኑ ነገር ሳይ ግን አላስችል አለኝ።

አንድ ጎረምሳ ላይፍ ጃኬቱን እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ካያክ ላይ፣ ያቺ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ ላይ፣ ይወጣል። ሦስቱም መቆለፊያዎች ተንጠልጥለዋል። ስልኩን ግን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ቋጥሮ፣ ደግሞ ደጋግሞ እየነካካ ያረጋግጣል። «ቆልፈው እንጂ» ብለው «ኧረ ብሮ፣ ፎቶ ላይ ያወፍራል» አይለኝም!

ያልተቆለፈ ጃኬት ከሌለው ብዙም አይሻልም። ውኃ ውስጥ ስትወድቁ እሱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እናንተ ወደ ታች ትሄዳላችሁ። ወይ በእጆቻችሁ ሾልኮ ይወጣል፣ ወይ አገጫችሁ ላይ ተወጥሮ ፊታችሁን ይሸፍናል። ዋና መቻላችሁም አያድናችሁም፤ ከካያክ የሚወድቅ ሰው ተዘጋጅቶ አይወድቅም። ስለዚህ ሁሉንም ቆልፉ፣ ማሰሪያውን ሳቡ፣ ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻና ትከሻውን ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። ጆሯችሁ ጋ ከደረሰ ሰፍቷችኋል፣ ቀይሩት። ለልጅ ደግሞ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ጠይቁ። «ያድግበታል» ብሎ የትልቅ ሰው ማልበስ ለዩኒፎርም እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ይህን ያህል የምነዘንዘው በውኃው ቀለም ምክንያት ነው። ላንጋኖ ማኪያቶ ይመስላል። እጃችሁን እስከ ክንዳችሁ አስገቡ፣ ጣታችሁ አይታያችሁም። የሆቴል መዋኛ ውስጥ የሰመጠ ሰው ከዳር ሆኖም ይታያል፤ እዚህ ግን ትንሽ ዝቅ ካለ የለም። ልጅ ጠፋ ሲባል የምንፈልገው በዓይን አይደለም። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ረድፍ ሠርተን፣ የውኃውን ወለል በእግራችን እየዳበስን ነው። አንድ የበዓል ቀን አሥራ ሁለት ሆነን እንዲህ ስንዳብስ እናትየው ዳር ላይ ትጮሃለች። እግሬ አንድ ለስላሳ ነገር በነካ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ልጁ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ስቀን ልንሞት ነበር፣ ግን እኔ ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ስምንት አዋቂ ነበር ከልጁ ጋር የመጣው። አንዱ «የዚህን ልጅ ነገር እኔ ነኝ የምጠብቀው» ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የልጆቹን የዋና ልብስም ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ አድርጉት።

ቢራ ጠጥቶ መግባት፦ አትግቡ። ይህን ማስረዳት ደክሞኛል።

ካያክ ላይ የወጣ ሁሉ የሚሳሳተው ነፋሱን ነው። ጠዋት ሐይቁ እንደ ምጣድ ለጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሞገዱ ይጀምራል። ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ሲወስዳችሁ ጉልበታችሁ የበረታ ይመስላችኋል። መመለስ ስትጀምሩ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ስትወጡ ነፋሱን በፊታችሁ አድርጉ፤ ሲደክማችሁ እሱ ራሱ ይመልሳችኋል። ካያኩ ከተገለበጠ ደግሞ ጥላችሁት ወደ ዳር ልዋኝ አትበሉ። እሱ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። የእናንተ ጭንቅላት ግን ከሞገዱ መሃል አይለይም።

ጄት ስኪ፣ ያ የውኃ ላይ ሞተር ሳይክል፣ ላይ ጀማሪ ሲደነግጥ የሚያደርገው ሁሌም አንድ ነው፦ ጋዙን ይለቅና መሪውን ይጠመዝዛል። አብዛኛው ጄት ስኪ ጋዝ ካልተሰጠው አይታጠፍም። የሚያዞረው ከኋላው የሚተፋው ውኃ ነው፤ ውኃው ሲቆም መሪውን እንደፈለጋችሁ ብታሽከረክሩት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፊታችሁ ዋናተኛ ቢኖርም። ለመታጠፍ ጋዝ ያስፈልጋል። የእጅ ገመዱን ደግሞ ከእጃችሁ ላይ እሰሩት፤ ስትወድቁ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሰው ከዳር ትንሽ ርቆ ሲንገዳገድ አየሁ። አልጮኸም። የሚሰምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃው እኩል ይሆናል፣ እጁ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ውኃውን ይጫናል። እኔም ጀግና ነኝና ባዶ እጄን ዘልዬ ገባሁ። ሰውየው አንገቴ ላይ ወጣ። ያንን ማኪያቶ እስኪበቃኝ ጠጣሁት። ሁለታችንንም ያወጣን አንድ ሽማግሌ ጀልባ ነጂ ነው። አልተቆጡኝም። በማግስቱ ስመጣ ግን መቀመጫዬ አጠገብ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጄሪካን ረጅም ገመድ ታስሮበት ተሰቅሎ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ጄሪካን እወረውራለሁ።

የወጣውን ሰው ደግሞ ሆዱን አትጫኑት፣ በእግሩም አትዘቅዝቁት። ያጣው አየር ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ቅድሚያ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መጫንና 2 ጊዜ መንፋት እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፣ ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ።

የመጨረሻው ስህተት ላንጋኖን የለመደ ሰው የሚሠራው ነው። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ሰው ሐዋሳም ዝዋይም ጣናም ሄዶ ያንኑ ልብ ይዞ ይገባል። እዚያ በሽታው አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ገብታችሁ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም የት እንደዋኛችሁ ንገሩት። መድኃኒት አለው።

ሐዋሳና ጣና ላይ ጉማሬም አለ። ጀልባ ነጂው «እዚህ ይበቃል» ሲላችሁ «ለፎቶ ትንሽ ጠጋ በልልን» እያላችሁ በጉርሻ አታባብሉት። ጉማሬው አንዴ ከጠለቀ በኋላ የት ጋ ብቅ እንደሚል ነጂውም አያውቅም።